የኦክስጅን ማሽኑ ከስብሰባ አዳራሽ እንዳይወጣ የተወሰነበት ማክሰኞ

የሕክምና መሣሪያዎች ቦታ ድልደላ ኮሚቴ፣ የ12ኛ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ዕለት፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በ14ኛው ቀን
ቦታ፦ የሆስፒታሉ ስብሰባ አዳራሽ፣ ከካርድ ክፍሉ በላይ
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00 ተጠርቶ 3፡50 ተጀመረ

የተገኙ፦
1. የአስተዳደር ኃላፊው፣ ሰብሳቢ
2. የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው፣ አባል። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ ቁልፍ» ስለሚላቸው፣ እሳቸውም ሲጠሩበት ደስ ስለሚላቸው፣ ከዚህ በኋላ በዚሁ ይጠራሉ።
3. የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊ ነርስ (ሲስተር)፣ አባል
4. የጥገና ባለሙያው፣ አባል
5. የተጠቃሚ ተወካይ፣ አባል። አመራረጣቸው ከታች ተገልጿል።
6. ጸሐፊዋ፣ ከመዝገብ ቤት የተመደበች። ድምፅ የላትም።

ያልተገኙ፦
1. የሕፃናት ሐኪሙ። ማዋለጃ ክፍል ተጠርተው ነው። ሰብሳቢው «እሱ መቼም ሰበብ አያጣም» ብለዋል።
2. የፋርማሲ ኃላፊው። «ደረጃው ላይ ነኝ» ብለው በስልክ አሳውቀዋል። ይህ ቃለ ጉባኤ እስከተዘጋበት ሰዓት ድረስ ደረጃው ላይ ናቸው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ ከሰባት አባላት አምስቱ እንዲገኙ ያዛል። እስከ 3፡40 የተገኙት አራት ነበሩ። ሰብሳቢው የተጠቃሚ ተወካይ ወንበር ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ ባዶ መሆኑን አስታውሰው፣ የበር ጥበቃው ወርዶ ከኮሪደሩ አንድ ተጠቃሚ ይዞ እንዲመጣ አዘዋል። ጥበቃው ምን ዓይነት ተጠቃሚ እንደሚፈለግ ሲጠይቅ «ሥራ የሌለው፣ የተቀመጠ» ተብሏል። ጥበቃውም ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል በር ላይ ካለው አግዳሚ አንድ ሰው አስነስቶ አምጥቷል።

የመጡት ሰው በሙያቸው ጎሚስታ ናቸው። ትናንት ጠዋት ሁለት ወር ያህል ቀድማ የተወለደች፣ 1 ኪሎ ከ400 የምትመዝን፣ ገና ስም ያልወጣላት ሴት ልጅ አባት ናቸው። ልጅቱ በአፍንጫዋ በገባ ቀጭን ቱቦ በኦክስጅን ትረዳለች። እናቷ በቀዶ ሕክምና ስለወለዱ ሌላ ክፍል ተኝተዋል። ጎሚስታው የተጠሩት ስለ ልጃቸው መስሏቸው ደረጃውን በሩጫ ወጥተው አዳራሹ በር ላይ «ምን ሆነች?» ብለዋል። ሰብሳቢው ምንም እንዳልሆነች፣ እሳቸው የተፈለጉት ለቁጥር እንደሆነ አስረድተው ወንበር አሳይተዋቸዋል። ምልዓተ ጉባኤው በዚህ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ጸሐፊዋ የ11ኛውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አንብባለች። በዚያ ስብሰባ የተወሰነው 12ኛው ስብሰባ እንዲጠራ ብቻ ነው። ሰብሳቢው ውሳኔው ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ መሆኑን ጠቅሰው አባላቱን አመስግነዋል። ጸድቋል።

ሲስተር እጃቸውን አውጥተው፣ በክፍላቸው ሦስት ሕፃናት በአንድ ሲሊንደር ላይ እንዳሉ፣ ሲሊንደሩ ቢበዛ እስከ 5፡30 እንደሚቆይ፣ ሙሉ ሲሊንደሮች የጫነው መኪናም መንገድ ላይ ተበላሽቶ እንደቆመ ተናግረዋል። ሰብሳቢው ነጥቡ ከባድ መሆኑን አምነው፣ ሆኖም ከስብሰባው 48 ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ስላልቀረበ በአጀንዳ 4፣ «ልዩ ልዩ» ሥር እንዲታይ አድርገዋል። ሲስተር «ከ48 ሰዓት በፊት እኮ አልተወለዱም» ብለዋል። ሰብሳቢው ደንቡ ለእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ ያስቀመጠው ነገር እንደሌለ ገልጸው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አልፈዋል።

አጀንዳ 2፦ የአረንጓዴው ጨርቅ ጉዳይ

ጋሼ ቁልፍ በአዳራሹ ጥግ ያለውን ማሽን በሚሸፍነው አረንጓዴ ከፋይ ጨርቅ ላይ ክብ ቃጠሎ መታየቱን፣ ክቡም ከሰብሳቢው የሻይ ቴርሞስ ቂጥ ጋር ልክ ለልክ መሆኑን፣ ይህን ለማረጋገጥ ራሳቸው በሜትር መለካታቸውን ለኮሚቴው አሳውቀዋል። ሰብሳቢው ቴርሞስ የተሠራው ሙቀቱን ውስጡ እንዲይዝ እንጂ ወደ ውጭ እንዲያቃጥል አይደለም ሲሉ ተከራክረዋል። የጥገና ባለሙያው እንደ ቴርሞሱ ዕድሜ ይወሰናል ብለዋል። ሰብሳቢው «የኔን ዕድሜ ነው የቴርሞሱን?» ብለው ጠይቀዋል። ባለሙያው ንግግራቸውን አንስተዋል።

በዚህ መሐል የተጠቃሚ ተወካዩ ከጨርቁ ሥር ምን እንዳለ ጠይቀዋል። ጋሼ ቁልፍ የኦክስጅን ማሽን ነው ብለዋቸዋል። ተወካዩ «የሚሠራ?» ብለዋል። አዲስ እንደሆነና ከተፈታ ጀምሮ ማንም እንዳልነካው በኩራት ተነግሯቸዋል። ተወካዩ ጨርቁንና ቴርሞሱን ተራ በተራ አይተው «ታዲያ ከሻይ ሥር ምን ይሠራል?» ሲሉ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ጥያቄው ጥሩ መሆኑን፣ ግን የአጀንዳ 3 እንደሆነ፣ አዲስ አባል ስለሆኑም ለዛሬ እንደሚታለፉ ነግረዋቸዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ከቴርሞሱ ሥር ሳህን እንዲደረግ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። አጀንዳው 25 ደቂቃ ወስዷል። ሲስተር በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰዓታቸውን አሥራ አንድ ጊዜ አይተዋል። ጸሐፊዋ ቆጥራለች፤ ሌላ የምትጽፈው ነገር አልነበራትም።

አጀንዳ 3፦ የማሽኑ ቦታ

ሰብሳቢው ለአዲሱ አባል ሲሉ ታሪኩን ከመነሻው አስረድተዋል። ማሽኑ ከአራት ወር በፊት ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል በስጦታ የመጣ ነው። ከክፍሉ አየር ላይ ኦክስጅኑን ለይቶ ስለሚያወጣ ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ሲሊንደር አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ የገመዱ መሰኪያ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ሲሆን፣ በሕንጻው ሁሉ ሲፈለግ እሱን የሚቀበል ሶኬት የተገኘው በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው በ9ኛው ስብሰባው ማሽኑ «ለጊዜው» እዚሁ እንዲቀመጥ፣ በ10ኛው ደግሞ እንዳይቧጨር ጨርቅ እንዲለብስ ወስኗል። ቴርሞሱ መቼ እንደመጣ የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ የለም።

ተወካዩ መሰኪያውን ቆርጦ ሌላ መግጠም አሥር ደቂቃ እንደማይፈጅ ተናግረዋል። የጥገና ባለሙያው ለማሽኑ የሚሆን ምትክ መሰኪያ ከአራት ወር ጀምሮ ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ ገልጸው አውጥተው አሳይተዋል። መሰኪያው ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። ሁሉም አይቶ ጥሩ መሰኪያ ነው ብሏል። ከዚያም ወደ ባለሙያው ኪስ ተመልሷል።

ለምን እስካሁን እንዳልተገጠመ ሲጠየቁ ባለሙያው የሥራ መዘርዝራቸው የተበላሸ እንዲጠግኑ እንጂ ደህናውን እንዲቆርጡ እንደማይፈቅድ፣ ደህናውን ለመቁረጥ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ደብዳቤውን ለመጠየቅ ደግሞ ጥያቄውን የሚፈቅድ ደብዳቤ ሲጠብቁ እንደቆዩ አብራርተዋል። ጋሼ ቁልፍ ማሽኑ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል እንደነበር በቁጭት ተናግረዋል። አክለውም ማሽኑ የሁለት ዓመት ዋስትና እንዳለው፣ ገመዱ ከተነካ ዋስትናው እንደሚሰረዝ፣ እስካሁን ግን ማንም ስላልተጠቀመበት ዋስትናው እንደ አዲስ መሆኑን አስገንዝበዋል። ሲስተር ዋስትናው ልጆቹን ያስተነፍስ እንደሆነ ጠይቀዋል። ጋሼ ቁልፍ ጥያቄው የተጠየቀበት ድምፅ ተገቢ አይደለም ብለዋል። ሲስተር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያንኑ ጥያቄ ደግመውታል።

ሰብሳቢው መንፈሱን ለማረጋጋት ማሽኑ መሥራት አለመሥራቱ በተግባር እንዲታይ ሐሳብ አቅርበዋል። ማሽኑ ተሰክቶ በርቷል። ድምፁ ደስ የሚል ነው። ሰብሳቢው ከጠዋት ጀምሮ ራሳቸውን እያመማቸው መሆኑን ጠቅሰው፣ ለሙከራ ያህል ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሲስተር ቱቦው ለአዋቂ እንዳልሆነ፣ ሙከራውም በቂ እንደሆነ ተናግረዋል። ሰብሳቢው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ቀለል እያለኝ ነው» ብለዋል። ይህ ለሦስት ደቂቃ ቆይቷል። በዚሁ ሰዓት ፎቁን ወርዶ ኮሪደሩን ተሻግሮ ባለው ክፍል የሲሊንደሩ መለኪያ መርፌ እየወረደ ነበር። ጸሐፊዋ ተናድዳ ነበር። ሰብሳቢው ሙከራው በቃለ ጉባኤው እንዳይሰፍር አዘዋል። ማዘዛቸውም ሰፍሯል።

ቀጥሎ የቀረቡት የውሳኔ ሐሳቦች የሚከተሉት ናቸው።

ሰብሳቢው ማሽኑ እዚሁ ሆኖ ረጅም ቱቦ እስከ ሕፃናቱ ክፍል እንዲዘረጋ ሐሳብ አቅርበዋል። የጥገና ባለሙያው ርቀቱን በእርምጃ ለክተው ሲመለሱ ደረጃውን ሳይጨምር 91 እርምጃ መሆኑን፣ ሲወርዱ ግን 88 እንደነበር፣ ልዩነቱን ለማጣራት እንደገና መውረድ እንደሚያስፈልግ አስታውቀዋል። ተወካዩ «ጌታዬ፣ ይሄ አትክልት የሚጠጣበት ጎማ አይደለም። መሐል ላይ ስንት በር ይዘጋበታል፣ ስንት ሰው ይረግጠዋል። በዘጠና እርምጃ ልጄ ጋ የሚደርሰው ወሬው ብቻ ነው» ብለዋል። ሐሳቡ ለጥናት ተላልፏል።

ጋሼ ቁልፍ በበኩላቸው፣ ማሽኑ ወደ ሕፃናቱ መሄድ ካልቻለ ሕፃናቱ ወደ ማሽኑ ይምጡ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ዝርዝሩም ሕፃናቱ አዳራሹ ውስጥ እንዲተኙ፣ ስብሰባ ባለባቸው ማክሰኞና ሐሙስ እስከ 2፡30 ክፍሉን ለቀው እንዲወጡ፣ መውጣት ካልቻሉ ድምፅ የሌላቸው ተጋባዦች ተብለው በስም መቆጣጠሪያው ላይ እንዲሰፍሩ ይላል። የጥገና ባለሙያው ካለቀሱስ ብለው ጠይቀዋል። ጋሼ ቁልፍ ልቅሶ በ«ልዩ ልዩ» ሥር ሊስተናገድ እንደሚችል መልሰዋል።

ሲስተር ያለቀኑ የተወለደ ሕፃን ሰውነቱ ሙቀት እንደማይዝ፣ የአዳራሹ መስኮት መስታወት ከተሰበረ ዓመት እንዳለፈው፣ እዚህ ያመጧቸው ልጆች ኦክስጅን ሲያገኙ በብርድ እንደሚያልቁ ተናግረዋል። ሰብሳቢው መስኮቱ በሌላ ኮሚቴ የተያዘ ጉዳይ መሆኑን አስታውሰው የጋሼ ቁልፍን ሐሳብ፣ መሰኪያው ይጠና ከሚል ጋር፣ ለድምፅ አቅርበዋል።

የደገፉ፦ ሰብሳቢውና ጋሼ ቁልፍ። የተቃወሙ፦ ሲስተርና የተጠቃሚ ተወካይ። ድምፀ ተአቅቦ፦ የጥገና ባለሙያው፣ «እንድደግፍም እንድቃወምም ደብዳቤ አልደረሰኝም» በሚል። ድምፁ እኩል ለእኩል ስለሆነ ሰብሳቢው በደንቡ መሠረት ሁለተኛ ድምፃቸውን ሰጥተው ራሳቸውን ደግፈዋል። በመሆኑም፦

ውሳኔ 3.1፦ ማሽኑ ከስብሰባ አዳራሹ እንዳይወጣ።
ውሳኔ 3.2፦ አመቺ ሁኔታ ሲፈጠር ሕፃናቱ ወደ አዳራሹ እንዲመጡ።
ውሳኔ 3.3፦ መሰኪያውን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም፤ አባላቱም የዚህ ኮሚቴ አባላት እንዲሆኑ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለራሳቸው ሪፖርት እንዲያቀርቡ።

ሲስተር «ልጆቹ እስከዚያ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቁ?» ብለዋል። ሰብሳቢው ንግግሩ እንዲሰረዝ አዘዋል። ጸሐፊዋ የምትጽፈው በእስክሪብቶ ነው።

ከጠዋቱ 5፡08 ላይ የሕፃናት ክፍሉ ረዳት ነርስ በሩን ሳታንኳኳ ከፍታ «ሲስተር፣ መርፌው ቀዩ ውስጥ ገባ» ብላለች። ሲስተር የክፍሉን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጥተዋል። ሩጫ ነበር ማለት ይቻላል።

ጋሼ ቁልፍ አራት ሰው ብቻ ስለቀረ ምልዓተ ጉባኤው መጉደሉን አመልክተዋል። ሰብሳቢው ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ የተተወው መዝገብ በየገጹ የሲስተር ፊርማ ያለበት በመሆኑ ሲስተር ከማንም በላይ በጽሑፍ ተገኝተዋል ሲሉ በይነዋል። መዝገቡ በወንበራቸው ላይ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ስብሰባው ሊቀጥል ሲል የተጠቃሚ ተወካዩ ተነሥተዋል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጸሐፊዋ እንደሆነው በቅደም ተከተል ትመዘግባለች።

ተወካዩ በመጀመሪያ ቴርሞሱን አንስተው «ይቅርታ ጌታዬ፣ ሻይዎን» ብለው ሰብሳቢው ፊት አስቀምጠዋል። አረንጓዴውን ጨርቅ ገፈው አራት ላይ አጥፈው ለጋሼ ቁልፍ ሰጥተዋል። ጋሼ ቁልፍ ተቀብለዋል። ሰብሳቢው ተወካዩ ወደ ወንበራቸው እንዲመለሱ፣ አለዚያ ምልዓተ ጉባኤው በእርግጥ እንደሚፈርስ አስጠንቅቀዋል። ተወካዩ «ይፍረስ! እኛ ሠፈር ጎማ ሲተነፍስ ስብሰባ አንጠራም። እናንተ የምታወሩት ስለ ገመድ ነው፤ እዚያ ታች ያለችው ልጄ ናት» ብለዋል። ይህን ሲሉ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

ከዚያም ወደ ጥገና ባለሙያው ዞረው መሰኪያውን እንዲያወጡ ጠይቀዋል። ባለሙያው ግንባራቸውን እየጠረጉ ደብዳቤ፣ ደብዳቤ ብቻ እንደሚጎድላቸው ተናግረዋል። ተወካዩ ጸሐፊዋን አይተው «እህቴ፣ አንቺ እኮ ትጽፊያለሽ» ብለዋል።

ጸሐፊዋ በመዝገብ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። በነዚህ ዓመታት «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ስፍር ቁጥር የሌለው ጽፋለች፤ ጉዳዩ እሷን ይመለከታት እንደሆነ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም። ከቃለ ጉባኤው ደብተር ጀርባ አንድ ወረቀት ቀድዳ «ለጥገና ባለሙያው፦ መሰኪያው ዛሬውኑ ተቀይሮ ሥራ ላይ ይዋል» ብላ ጽፋለች። ሰብሳቢው በማን ሥልጣን እንደሆነ ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ ድምፅ የላትም፤ ማኅተሙ ግን እሷ ዘንድ ነው። መትታለች።

ባለሙያው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው ለፋይላቸው ግልባጭ ጠይቀዋል። ግልባጭ ተሰጥቷቸዋል። ከዚያ ፒንሳቸውን አውጥተው ገመዱን ቆርጠው አዲሱን መሰኪያ በአራት ደቂቃ ገጥመዋል። አራት ወር ሙሉ በሐሳባቸው ሲገጥሙት እንደኖሩ ያስታውቅ ነበር።

በሩ ላይ ጥበቃው ዕቃ ያለ መውጫ ፈቃድ እንደማይወጣ ገልጾ መንገድ ዘግቷል። ደብዳቤው ተሰጥቶት ካነበበ በኋላ፣ መሰኪያው ሥራ ላይ ይዋል እንደሚል፣ ማሽኑ ደግሞ ከመሰኪያው ጋር የተያያዘ እንደሆነ፣ ተያይዞ የመጣን ነገር የመለየት ሥልጣን እንደሌለው አስታውቋል። የማሽኑ አንድ መንኮራኩር ስለማይዞር ጥበቃው በአንድ በኩል፣ ተወካዩ በሌላ በኩል ይዘው ደረጃውን ወርደዋል። ጋሼ ቁልፍ «ቀስ! ግድግዳ እንዳታስነኳት!» እያሉ ተከትለዋል። አዳራሹ ውስጥ ሰብሳቢው፣ ቴርሞሱና የሲስተር መዝገብ ቀርተዋል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ይህ አጀንዳ የታየው በጨቅላ ሕፃናት ክፍል መስታወት ፊት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ በመቆም ነው።

ማሽኑ 5፡22 ላይ ተሰክቶ በርቷል። ሲስተር ማሽኑ እንደተነሳ ጥሩ ኦክስጅን እንደማይሰጥ፣ ጥቂት ደቂቃ እንደሚፈልግ ተናግረዋል። ሲሊንደሩ ከተገመተው ቀድሞ 5፡24 ላይ አልቋል። ሲስተር ሰብሳቢው የሞከሩትን ቱቦ ወርውረው፣ ከማሽኑ ጋር የመጡትን አዳዲስ ቱቦዎችና ለሦስት የሚያካፍለውን ዕቃ ከማሽኑ ጎን ከታሰረው ሳጥን አውጥተዋል። ሳጥኑን የከፈቱት በጥርሳቸው ነው ብሎ ጥበቃው ይናገራል። ጸሐፊዋ ያየችው በመቀስ ነው።

በልጅቱ እግር ላይ የታሰረው መለኪያ በደሟ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ በመስታወቱ በኩል ይታያል። 78 ይል ነበር። ሲስተር ከዘጠና በታች መሆን እንደሌለበት ጠዋት ለአባትዬው ነግረዋቸው ስለነበር ማንም ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀም። አባትዬው ቁጥሩን ሥራቸው ላይ የጎማ ንፋስ እንደሚያነቡት ድምፃቸውን አውጥተው ያነቡ ጀመር። ሰባ ስምንት። ሰባ ስምንት። ሰባ ሰባት። ጸሐፊዋ እዚህ ላይ አንድ መስመር ሳትጽፍ አልፋለች። ፈርታ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ሕንጻ ውስጥ ስትሠራ ከዚህ መስታወት ፊት ቆማ አታውቅም።

በዚህ ጊዜ ሰብሳቢው የሲስተርን መዝገብ ታቅፈው ደርሰዋል። ማሽኑ በውሳኔ 3.1 መሠረት አሁኑኑ ወደ አዳራሹ እንዲመለስ ሊያዙ አፋቸውን ከፍተዋል። ጋሼ ቁልፍ በእጃቸው «ቆይ» ብለዋቸዋል። ጋሼ ቁልፍ ሰብሳቢውን «ቆይ» ሲሉ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ሰማንያ አንድ። ሰማንያ አንድ። ሰማንያ አራት። ጋሼ ቁልፍ መስታወቱን እያንኳኩ «ጨምሪላት እንጂ ሲስተር! ምን ትሰስቺያለሽ!» ብለዋል። ሲስተር ከውስጥ ሆነው፣ ሲበዛም ጉዳት እንዳለው፣ ያለቀኑ የተወለደ ልጅ ዓይኑን ሊያጣበት እንደሚችል፣ ከዘጠና አምስት እንደማያሳልፏት ተናግረዋል። «ዓይኗን ትፈልገዋለች፣ ጋሼ።» ጋሼ ቁልፍ ይቅርታ ጠይቀዋል። ሰማንያ ስምንት። አባትዬው ማንበባቸውን አቁመው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈዋል። የቀረውን ያነበቡት ሰብሳቢው ናቸው። ዘጠና። ዘጠና አንድ። ዘጠና ሦስት።

ዘጠና ሦስት ላይ ቆመ። የሌሎቹ ሁለት ሕፃናት ቁጥርም ደህና መሆኑን ሲስተር በጣታቸው አሳይተዋል።

ከዚያ ጋሼ ቁልፍ፣ አረንጓዴው ጨርቅ ገና ክንዳቸው ላይ እንዳለ፣ ማሽኗን አራት ወር ሙሉ አቧራዋን እየጠረጉ እንደጠበቋት፣ ምን እንደምትሠራ ግን አንድም ቀን አይተው እንደማያውቁ ለኮሚቴው ተናግረዋል። ዓይናቸውን የጠረጉት በጨርቁ ነው። ጨርቁ ለዚህ አገልግሎት እንዲውል የቀረበ ተቃውሞ የለም።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አምስቱም አባላት በቦታው ስላሉ፣ ሲስተር በመስታወት ውስጥ ቢሆኑም ስለሚታዩ፣ ምልዓተ ጉባኤው የተሟላ መሆኑን አውጀዋል። ዛሬ በተደረገው ሁሉ የተወሰነው አንዱም አለመሠራቱን፣ የተሠራው ደግሞ አንዱም አለመወሰኑን ጠቅሰው፣ ይህ በመዝገብ ላይ እንዴት እንደሚታረቅ አባላቱ ሐሳብ እንዲሰጡ ጠይቀዋል። የጥገና ባለሙያው ያለ ደብዳቤ ሐሳብ ሰጥተዋል፤ የተወሰነውን ማፍረስ የተሠራውን ከማፍረስ ይቀላል ብለዋል። ከአጭር ውይይት በኋላ፣ ማለትም ወዲያውኑ፣ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል፦

ውሳኔ 4.1፦ ዛሬ በዚህ ኮሚቴ የተወሰነው ሁሉ፣ ከቴርሞሱ ሥር ያለው ሳህን ጭምር፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር።
ውሳኔ 4.2፦ ማሽኑ አሁን ያለበት ቦታ ቦታው ነው።
ውሳኔ 4.3፦ ውሳኔ 4.1 ውሳኔ 4.2ን አይመለከትም።

ድምፅ ሲሰጥ ሁሉም እጁን አንስቷል። የኮሚቴው ቀጣይ ስብሰባ ቀን ሲጠየቅ ሁሉም ወደ መስታወቱ ዞሯል።

ስብሰባው በ5፡51 ተበትኗል ተብሏል። ሆኖም 6፡15 ላይ ጸሐፊዋ ይህን አጠናቅቃ ፊርማ ስትሰበስብ አባላቱ ገና ከመስታወቱ ፊት እንደቆሙ ነበሩ።

ፊርማ፦

ሰብሳቢው፦ ፈርመዋል።
ጋሼ ቁልፍ፦ ሳያነቡ ፈርመዋል። ይህም የመጀመሪያቸው ነው።
የጥገና ባለሙያው፦ ፈርመዋል። ግልባጭ ወስደዋል።
ሲስተር፦ ሥራ ላይ ናቸው።
የተጠቃሚ ተወካይ፦ አልፈረሙም። እስከ ክርናቸው ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥበዋል፤ ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊነኩ ስለሆነ እስክሪብቶ እንዳይነኩ ሲስተር ከልክለዋል።